የእትዬ ቆዩ ርችት

ቂም እንደ ማንኛውም የእጅ ሥራ ንጹሕ ጠረጴዛ፣ በቂ ብርሃንና የማይቸኩል ሰው ይፈልጋል። እትዬ ቆዩ ሦስቱም ነበሯቸው። ጠረጴዛው የእጅ ርችት የሚሠሩበት ነው፤ ብርሃኑ በጓሮው መስኮት ይገባል። አለመቸኮሉ ከአባታቸው የወረሱት ሲሆን፣ ከአባትየው ንብረት ሁሉ ወንድምና እህት ያልተሻሙበት ብቸኛው ውርስ እሱ ነው።

የእጅ ርችት ልጅ በጣቱ ይዞ የሚያበራው፣ የእሳት ቅርንጫፍ እያወጣ የሚፈነጥቅ ቀጭን ሽቦ ነው። ሲሠራ ለሚያየው ሰው ከማድ ቤት ሥራ ብዙም አይለይም። ሽቦው በልክ ይቆረጣል፤ መያዣው በፒንሳ ይታጠፋል፤ ከቶርኖ ቤት የሚመጣው የብረት ብናኝ ይነፋና ዘይት ጠጥቶ ያድራል፤ ከዚያ ከዱቄቶቹና ከሙጫው ጋር ተለውሶ ረጅም ጣሳ ውስጥ ይገባል። ሽቦው ይነከራል፣ ቁልቁል ይሰቀላል፣ ይደርቃል፤ እንደገና ይነከራል፣ እንደገና ይደርቃል። የዱቄቶቹን ስምና ምጥን እዚህ አንጽፍም፤ አንባቢም መጋረጃ ያለው ቤት ይኖረዋል።

የሥራ ክፍሉ ከግድግዳ እስከ ግድግዳ በገመድ የተወጠረ ነው። ሽቦዎቹ እንደ ሌሊት ወፍ ተዘቅዝቀው ሲደርቁ፣ የእትዬ ቆዩ ባለቤት ሰዓት ሠሪው ጎንበስ ብለው በገመዶቹ ሥር ያልፋሉ።

«በዚህ ቤት ቀና ብዬ የምሄደው ስወጣ ብቻ ነው» ይላሉ።

«ለዚህ ነዋ መውጣት የምታበዛው» ይሏቸዋል ሚስታቸው፣ ዓይናቸውን ከጣሳው ሳያነሡ።

ቆዩ የሚለው ስማቸው የልጅነት ቅጽል ነው። የአባታቸው ርችት አንድ ጠባይ ነበረው። ከአጋማሹ አለፍ ሲል ይደበዝዛል፤ ብልጭታው ቀጥ ይላል፤ ሽቦው ላይ አንዲት የቀላች ነጥብ ብቻ ትቀራለች። የያዘው ልጅ ለማልቀስ ከንፈሩን ሲጥል፣ ርችቱ ድንገት ነፍስ ይዘራና ከበፊቱ ይበልጥ ያብባል። ይህችን እረፍት አባትየው «ትንፋሽ» ይሏት ነበር። ጣጣው፣ ልጆች ትንፋሽን ከሞት መለየት አያውቁምና ርችቱን ይጥሉታል። ስለዚህ ሴት ልጃቸው በየደጁ እየሮጠች «ቆዩ! ቆዩ! አልጠፋም!» ብላ እንድትጮህ ተመደበች። ሥራው ስም ብቻ ነበር የሚያስገኘው፤ ስሙም አብሯት አርጅቶ፣ «እትዬ» ሲጨመርበት ክብር መሰለ።

አባት ሲሞቱ ሙያው ለልጅ ተላለፈ፤ ትንፋሽ ግን ብዙም አልቆየችም። ትንፋሽ የምትመጣው የሽቦው መሃል ባዶ ተትቶ፣ ብናኝ የሌለው ስስ ሊጥ በብሩሽ ተቀብቶ፣ ለብቻው ሲደርቅ ነው። የከተማው ትልቁ የሠርግ አዳራሽ ርችት በብዛት ማዘዝ ሲጀምር፣ ኃላፊው፣ እሱም በልጅነቱ ከዚያው ደጅ ርችት ሲለምን ያደገ ሰው፣ «እትዬ፣ ይህን ትንፋሽ ተዪው፤ እኔ የምፈልገው ቶሎ የሚደርስ ነው» አላቸው። ተዉት። ብልጭታው ያለ እረፍት እስከ መጨረሻው የሚሄድ ርችት መሥራት ጀመሩ። ደንበኛ ንጉሥ ነው ይባላል፤ ንጉሥ የሚያዘውን የማያውቅ መሆኑን የሚጨምር ግን የለም።

የአክስታቸው ልጅ ወደ ቤታቸው የመጣችው ከዚያ በኋላ ነው። እጇ እንደ መኪና ስፌት የሚሮጥ፣ እግሯ ከእጇ የሚቀድም፣ ምላሷ ሁለቱንም ጥሎ የሚያልፍ ሴት ነበረች። ቀልጣፊት ተባለች። እትዬ ቆዩ ሽቦ ማጠፍ አስተማሯት፤ ግራኝ ስለሆነች መያዣውን ሁልጊዜ ወደ ግራ ታጥፈው ነበር። መንከር አስተማሯት። ብናኙን ዘይት አጠጥቶ ማሳደርን ሊያስተምሯት ሲሉ ግን ቀልጣፊት ሌላ ነገር እየሠራች ነበር። ርችት ስትሞክርም ሲሦው እንደተቃጠለ «ይሄ ጥሩ ነው!» ብላ አሸዋ ውስጥ ትከተዋለች። አንድም ርችት እስከ መጨረሻው አይታ አታውቅም።

«እሱን እንኳ ጨርሰሽ እዪው እንጂ» ይሏታል እትዬ ቆዩ።

«እትዬ ደግሞ! መጨረሻው ያው መጥፋት አይደል?»

ባለፈው ዓመት በአንድ ሠርግ ላይ የሙሽራዋ ዓይነ ርግብ ጫፍ ተለበለበ። ሰው አልተጎዳም፤ ጨርቅ ብቻ ነው። የዚያን ዕለት ርችቱን የምታበራው ቀልጣፊት ነበረች፤ ሙሽራዋ አጠገብ የቆመውን ሻማ ያስጠጋችውም እሷው ናት። ጭሱ ገና ሳይበተን በአዳራሹ መካከል ድምፅዋን ከፍ አድርጋ፣ «የእትዬ ርችት ነው! ስንት ጊዜ ነግሬያት ነበር፤ አልሰማ አለች!» አለች። እትዬ ቆዩ በማግስቱ ሄደው ዓይነ ርግቡን አዩት፤ የተለበለበው ጠርዝ ላይ የሰም ጠብታ ነበር። ርችት ሰም አያንጠባጥብም። ይህን ለኃላፊው ነገሩት፤ እሱም «እትዬ፣ ያለፈው አልፏል» አላቸው፤ ያላለፈ ነገር ያለው ሰው ሲያጋጥም ሁልጊዜ እንደሚባለው። ጥቂት ቆይቶ በገበያው መንገድ ላይ የቀልጣፊት ሱቅ ተከፈተ። ሰሌዳው ላይ በቀይ ቀለም «ከአደጋ ነጻ የእጅ ርችት» ይላል። የአዳራሹም ሥራ ወደዚያው ሄደ።

ዓመት ሙሉ የእትዬ ቆዩን በር ያንኳኳ ደንበኛ አልነበረም ማለት ይቻላል። ይህን ቻሉት። ያልቻሉት ሌላ ነው። መንገድ ላይ እናቶች እሳቸውን ሲያዩ ልጆቻቸውን ወደ ቀሚሳቸው ሳብ ያደርጉ ነበር። የርችት ሠሪ ልጅ ሆነው፣ በየደጁ «አልጠፋም» እያሉ ያደጉ ሴት፣ አሁን ልጅ የሚሸሸግባቸው እሳት ሆኑ። የሚፈልጉት አንድ ነገር ብቻ ነበር፤ ውሸቱ የተነገረበት አዳራሽ ውስጥ፣ ውሸቱን የሰማው ሰው ፊት፣ በተናገረችው አፍ ተመልሶ እንዲዋጥ።

«እውነትና ንጋት እያደር ይጠራል» ይሏቸው ነበር ሰዓት ሠሪው፣ ለማጽናናት።

«ንጋቱስ በየቀኑ ሰዓቱን ያከብራል» ይላሉ እትዬ ቆዩ። «እውነቱን ግን ወስደህ ጠግነው።»

«ቂም ይዞ ጸሎት፣ ሳል ይዞ ስርቆት።»

«ማን ሊጸልይ ነው?»

እንዲህ ሳሉ ነው ደላላው አንድ ካርቶን ታቅፎ የመጣው።

«እትዬ፣ አንድ የተከበረ ደንበኛ አለ፤ ስሙ እንዲነሣ አይፈልግም።»

«ከመቼ ወዲህ ነው የተከበረ ሰው ስሙን የሚደብቀው?»

«ትሕትና ነው እንጂ!»

«ትሕትናውን በካርቶን ይዘህልኝ መጣህ?»

ካርቶኑ ውስጥ ያለው ተቆርጦና መያዣው ታጥፎ ያለቀለት ሽቦ ነበር። ደንበኛው ርችቱ በዚሁ በራሱ ሽቦ እንዲሠራለት ይፈልጋል፤ ለሠርግ ነው፤ የአዳራሹ ኃላፊ ሴት ልጁን ሊድር ነው። ከስር በኩል ናሙና ተብሎ የተቀመጠ አንድ ርችት ነበር፤ እትዬ ቆዩ በጥፍራቸው ፋቅ ቢያደርጉት ሊጡ እንደ አሮጌ ቆርቆሮ ዝገት ረገፈ። ዘይት ሳይጠጣ ውሃ ያገኘ ብረት ሌላ ዕጣ የለውም፤ ቢለኩሱት ጭስ እንጂ ብልጭታ አይሰጥም። ከዚያ መያዣውን አዩት። ሁሉም፣ አንድ ሳይቀር፣ ወደ ግራ ታጥፏል።

የቸኮለች አፍሳ ለቀመች ይላሉ፤ ይህቺኛዋ ደግሞ የፈሰሰውን ሰው እንዲለቅምላት ላከች።

«ለደንበኛህ ንገረው» አሉ እትዬ ቆዩ በጣም በለሰለሰ ድምፅ፣ «እድሜ ልክ የሚታወስ አድርጌ እሠራለታለሁ።»

ደላላው እየመረቀ ወጣ። ደላላ የድምፅ ቃና አይሰማም፤ ቢሰማ ኖሮ ሌላ ሥራ ይዞ ነበር።

ሰዓት ሠሪው ከሥራ ሲመለሱ ሚስታቸው ሲያፏጩ ሰምተው በሩ ላይ ቆሙ። ዓመት ሙሉ በዚያ ቤት ያፏጨ ማንቆርቆሪያው ብቻ ነበር።

«ማን ሞተ?»

«ገና ነው። ቀልጣፊት በደላላ በኩል የሠርግ ርችት አዝዛኛለች፤ ብናኙን ዘይት ሳላጠጣ ለወስኩት። እስከ ሠርጉ ቀን ውስጥ ውስጡን ይዝግላታል። ሙሽሪት ስትገባ አዳራሹ በጭስ ይታፈናል።»

ሰዓት ሠሪው ጎንበስ ብለው በገመዶቹ ሥር አልፈው ተቀመጡ። «ከዚያስ?»

«ከዚያማ ይሳቅባታል።»

«ከዚያስ?»

«አንተ ሰው፣ እንደ ሰዓትህ አንድ ቃል ብቻ ነው የምታውቀው?»

«ከዚያማ ቀልጣፊት ሁለት እጇን ትዘረጋና፣ ‹እኔ ምን ላድርግ፣ የገዛሁት ከእትዬ ነው› ትላለች። ደላላው ይመሰክርላታል። ዓመት ሙሉ ውሸት የነበረውን አንቺ በገዛ እጅሽ እውነት ታደርጊላታለሽ። እንዲህ ያለ ስጦታ እኮ ለእኔም ሰጥተሽኝ አታውቂም።»

እትዬ ቆዩ ጣሳውን አንሥተው ወደ ጓሮ ወጡ፤ ጉድጓድ ቆፍረው ሊጡን ቀበሩት። ሲመለሱ አያፏጩም ነበር፤ ግን ዓይናቸው ውስጥ አንዲት የቀላች ነጥብ ቀርታ ነበር።

«አንድም ርችት እስከ መጨረሻው አይታ አታውቅም» አሉ።

«ማን?»

«እሷ። ስሜን እንኳ ለቀርፋፋነት የወጣልኝ ነው የሚመስላት። ሱቋ ውስጥ ምን ትላለች አሉህ? ‹ቆዩ እኮ ናት፤ ደንበኛው ቆይቶ ቆይቶ ሲያረጅ ታደርስለታለች›!» ሳቁ፤ ሳቁ ደስ የሚል ዓይነት አልነበረም። «ትንፋሽን አታውቃትም። እሷ ስትመጣ መሥራቱን ትቼው ነበር። አዳራሹ ውስጥ የሚቀመጠው ትልቅ ሰው ግን ሁሉ ያውቃታል፤ አባቴ ደጅ ነው ያደገው።»

ሰዓት ሠሪው አጉሊ መነጽራቸውን ከዓይናቸው አወረዱ። ሚስታቸውን በሙሉ መጠናቸው ማየት አስፈልጓቸው ነበር።

ብናኙ ዘይቱን ጠጥቶ አደረ። ሊጡ እንደ ሐር ለሰለሰ። የመጀመሪያዎቹ ትንፋሾች ግን እምቢ አሉ፤ አንዳንዱ ሳይደበዝዝ አለፈ፤ አንዳንዱ ከምሩ ሞተ። እትዬ ቆዩ ብሩሹን ቀየሩ፣ ሊጡን አቀጠኑ፣ የአባታቸውን እጅ በእጃቸው ውስጥ ፈለጉ። በመጨረሻ አንዱ ጓሮው ውስጥ ደብዘዝ አለ፣ ቆየ፣ ቆየ፣ ከዚያም ነፍስ ዘርቶ ቦግ አለ። ሰዓት ሠሪው ሰዓታቸውን እያዩ፣

«ረዘመ» አሉ።

«ይርዘም። አንድ ሰው አደባባይ ላይ ራሱን የሚያዋርድበት ያህል ይርዘም።»

የሠርጉ ቀን ባልና ሚስቱ ተጠርተው ነበር፤ ይኸውም ሰዓት ሠሪው የአዳራሹን ትልቅ የግድግዳ ሰዓት ስለጠገኑ ነው። የተሰጣቸው ቦታ ከወጥ ቤቱ በር አጠገብ፣ የድስት ክዳን በሚንኳኳበት ጥግ ነበር። እትዬ ቆዩ ቦታውን አላማረሩም። ከዚያ ሆነው አዳራሹ በሙሉ ይታያል። በየጠረጴዛው ሥር አሸዋ የተሞላ ባልዲ ተቀምጧል፤ ከዓይነ ርግቡ ወዲህ የመጣ ደንብ ነው፤ እትዬ ቆዩ እያንዳንዱን ባልዲ እንደ ስድብ አነበቡት።

ፀሐይ ስትገባ መብራቱ ዝቅ ተደረገ። ቀልጣፊት መድረኩ ላይ ወጣች፤ ጫማዋ አዲስ ነው፣ ድምፅዋም።

«የተከበራችሁ እንግዶች! ይህ ርችት በገዛ እጄ፣ ሌት ተቀን ለፍቼ፣ ለዛሬዋ ሙሽራ ብዬ የሠራሁት ነው። ከአደጋ ነጻ መሆኑን ራሴ ዋስ ነኝ!»

«በገዛ እጇ» አሉ ሰዓት ሠሪው ወደ ጆሮ ጠጋ ብለው።

«ዝም በል፤ አሁን ነው የሚጣፍጠው።»

በሙሽሮቹና በእንግዶቹ ሁሉ እጅ ያሉት ርችቶች ተለኮሱ። መሰከሩ ቢባል ይሻላል። ያ ሁሉ እጅ በአንድ ጊዜ ቅርንጫፍ አወጣ፤ የሙሽራዋ ፊት፣ የሙሽራው ላብ፣ የኃላፊው ራሰ በራ ሁሉም ወርቅ ለበሰ። ቀልጣፊት የራሷን ርችት ከፍ አድርጋ ይዛ እጅ ትነሣ ነበር። ያን ጊዜ ደበዘዘ።

ብልጭታው በአዳራሹ ሁሉ አንድ ላይ ቆመ። ጨለማው ውስጥ የቀሩት የቀሉ ነጥቦች ብቻ ነበሩ። ቀልጣፊት ሱቋ ውስጥ እንዲህ ያለ ርችት ስንት ጊዜ እንደቀበረች እሷና አሸዋዋ ናቸው የሚያውቁት።

«ጠፍቷል!» ብላ ጮኸች። «ጠፍቷል! ክተቱት! አሸዋ ውስጥ ክተቱት!» የራሷን ባልዲ ውስጥ ሰካችው፤ እየሮጠች ሄዳ የሙሽራዋን ከእጇ ነጥቃ ቀበረችው፤ የሙሽራውን ለመንጠቅ ስትንጠራራ፣

«ቆዩ!» አለ አንድ ድምፅ።

የአዳራሹ ኃላፊ ነበር። በሠርግ ልብሱ ቀጥ ብሎ ቆሞ፣ ርችቱን በሁለት እጁ ይዞ፣ ፊቱ የሰባት ዓመት ልጅ ፊት ሆኖ ነበር። «ቆዩ! አልጠፋም!»

«ቆዩ!» አሉ ከፊት ረድፍ አንዲት ባልቴት፣ ምርኩዛቸውን ጥለው። «ቆዩ! ቆዩ!» አለ ጸጉረ ሸበቶው ሁሉ፣ እየተሳሳቀ፣ አንዳንዱም ዓይኑን እየጠረገ። ወጣቶቹ ምን እንደሆነ ሳያውቁ ተቀበሉት፤ አዳራሹ በአንድ ስም አስተጋባ።

ርችቱም ነፍስ ዘራ። ከበፊቱ በበለጠ ተንቦገቦገ፤ ከሁለት ሰው እጅ በቀር። መድረኩ ላይ ባዶ እጃቸውን የቆሙት ሙሽራዋና «ሠሪዋ» ብቻ ነበሩ።

መብራቱ ሲመለስ ኃላፊው የቀረውን ሽቦ እያገላበጠ መጣ። «ይህን የሠራው ማን ነው?»

«እኔ...» አለች ቀልጣፊት።

«እናት የልጇን ትንፋሽ አታውቅም?» አሉ ባልቴቷ ምርኩዛቸውን እየፈለጉ። «በሕይወት እያለ ቀበርሽው እኮ፣ ልጄ!»

ሳቁ ከፊት ረድፍ ተነሥቶ እስከ ወጥ ቤቱ በር ደረሰ። ኃላፊው ግን አልሳቀም። «ይህን ርችት ተዪው ያልኩት እኔው ነኝ» አለ ቀስ ብሎ፤ ወደ ጥጉ ዞረ። አዳራሹም አብሮት ዞረ።

እትዬ ቆዩ አልተነሡም። ነጠላቸውን እግራቸው ላይ አስተካከሉ። «ዓይነ ርግቡስ?» አሉ፣ ለቀልጣፊት ብቻ፤ ሰው ሁሉ ግን ሰማው።

ቀልጣፊት ምላሷ ለመጀመሪያ ጊዜ ከእግሯ ኋላ ቀረ። «ሻማው ነው» አለች ወደ መሬት። «ያስጠጋሁት እኔ ነኝ።»

«አልሰማሁም» አሉ እትዬ ቆዩ። «ያስቀመጡኝ ወጥ ቤት በር ላይ ነው። ክዳን ይንኳኳል።»

«ሻማው ነው! የእትዬ ርችት አይደለም! ሻማውን ያስጠጋሁት እኔ ነኝ!»

አንጀታቸው ቅቤ ጠጣ ቢባል ማሳነስ ይሆናል። ኃላፊው በዚያው ጥግ ጎንበስ ብሎ፣ ከእንግዲህ የአዳራሹ ርችት የእሳቸው እንዲሆን ለመናቸው። እትዬ ቆዩ ክዳኑ እስኪጋጭ ጠበቁና፣ «ትንፋሽ ካልተቀነሰች» አሉት። «ባልዲዎቹም ከዓይኔ ይነሡ» ሊሉ ነበር፤ ከእሳት ጋር የሚኖር ሰው ግን አሸዋ አይንቅምና ዋጡት።

ወደ ቤት ሲመለሱ መንገድ ላይ አንዲት እናት ከልጇ ጋር አለፈች። ልጁ ቀሚሷን ለቆ «ቆዩ!» ብሎ ጮኸባቸው። እናትየው ሳቀች እንጂ አልሳበችውም።

«አሁንስ ረካሽ?» አሉ ሰዓት ሠሪው።

«እየተጠጋሁ ነው።»

በማግስቱ ረፋዱ ላይ በሩ ተንኳኳ። እትዬ ቆዩ ጣሳውን ሞልተው ለአዳራሹ የመጀመሪያውን ሽቦ ይነክሩ ነበር።

«እትዬ፣ እኔ ነኝ» አለ ከውጭ የቀልጣፊት ድምፅ፣ ዛሬ ያለ አዲስ ጫማ። «ይቅርታ ልጠይቅሽ ነው የመጣሁት። ዘይቱንም... ብናኙን እንዴት እንደሆነ ብታሳዪኝ...»

«ቆዪ» አሉ እትዬ ቆዩ።

ሽቦውን ከጣሳው ቀስ አድርገው አወጡት። ጠብታው እስኪያልቅ ጠበቁ። ገመዱ ላይ ሰቀሉት። ሌላ አነሡ። ከበሩ ውጭ እግር ይቀያየራል፤ ግራ፣ ቀኝ፣ ግራ።

ሰዓት ሠሪው በገመዶቹ ሥር ጎንበስ ብለው መጡ። «አንቺ ሴትዮ፣ እስከ መቼ ነው የምታቆሚያት?»

እትዬ ቆዩ ሽቦውን ወደ መስኮቱ ብርሃን አንሥተው አዩት። ገና እርጥብ ነበር።

«እስኪደርቅ» አሉ፤ የሚቀጥለውንም ነከሩ።